የኤዴልሚራ ሒሳብ

ዝናቡ ከሰኞ ጀምሮ አላባራም፤
የቺሎኤ ደሴት ሰው ግን ዝናብ አይፈራም።
ኤዴልሚራ ከማሳዋ ድንች ስትለቅም ውላ፣
የጎማ ቦቲዋን በራፍ ላይ አውልቃ ጥላ፣
መነጽሯን ወልውላ፣
ተቀምጣለች ከሦስት ወረቀት ፊት ለፊት፣
ከሳሽና ተከሳሽ እንደቀረቡለት ዳኛ በፍርድ ቤት።

አንደኛው የኖረችበት መስመር፣
መዳብ ነው፣ ከእንጨት ምሰሶ ወደ እንጨት ምሰሶ የሚሻገር።
ባሏ ኦስባልዶ በጉልበቱ ሳለ ያስገባው፣
ነፋስ ሲነሳ የሚያስለው፣ ጉም ሲወርድ የሚያመው።
ስድስት ሜጋ ይላል ውሉ፤ ቤት የሚደርሰው ግን ሁለት፤
አንድ ፎቶ ለመክፈት
ድንች ተልጦ፣ ተቀቅሎ፣ ተበልቶ ያልቃል በዚያ መሐል።
ግን አሥራ ሁለት ሺህ ፔሶ ነው፤ ርካሽ ነገር ማን ይጠላል?

ሁለተኛው ከኮረብታው ማማ በአየር የሚመጣ፣
ሠላሳ ሜጋ በአሥራ ስምንት ሺህ፣ ያውም ፀሐይ ስትወጣ።
ችግሩ የኢሲድሮ ባሕር ዛፍ ነው፣ መሐል ላይ የቆመው፣
ቅጠሉ ውኃ ሲጠግብ ሲግናሉን የሚቅመው።
ዛፍህን ቁረጥልኝ ብላ እንዴት ትጠይቀው?
በበጉ ጉዳይ ከተኳረፉ ወዲህ ሰላምታ እንኳ አትሰጠው።

ሦስተኛው ከሳተላይት፣ ከሰማይ ነው የሚወርደው፣
መቶ ሃያ ሜጋ፣ ሳህኑ ብቻ የጊደር ዋጋ የሚፈጀው።
«ሰማይ ለመከራየት» አለች፣ «አርባ አምስት ሺህ በወር?
ዝናቡንም በሜጋ ለክተው ቢያስከፍሉን አልቀን ነበር።»

ከዚያ መጣ ጋስፓር፣ የካምፓኒው ልጅ፣
ታብሌቱን በጃኬቱ ውስጥ እንደ ጫጩት ያቀፈ፣
ከአጥሩ እስከ በሩ በውሻዋ ጩኸት ግማሽ ነፍሱ ያለፈ።
«ዶኛ ኤዴልሚራ፣ ፋይበር ደረሰ! ብርሃን ነው፣ በመስታወት ክር የሚሮጥ፣
ሦስት መቶ ሜጋ፣ ነፋስ ቢነሳ ዛፍ ቢወድቅ የማይናወጥ።
ስድስት ወር በግማሽ ዋጋ!»
«ሰባተኛውስ?» አለች፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ።
ጋስፓር ወደ ጣሪያው አየ፤ ጣሪያው ወደ ሰማይ።
«ሰባተኛው ሃያ ስምንት ሺህ» አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።
እርሳስ አነሳች። አንዱ ሜጋ በድንች ስንት ኪሎ?
መዳቡ ለሜጋ ስድስት ሺህ፤ ፋይበሩ መቶ እንኳ አይሞላ፤
ርካሹ ለካ ውድ ኖሯል፣ ዓመት ሙሉ ሳይታወቅ ሲበላ።

ልትፈርም ስትል እጇ ቆመ።
«ቁጥሩስ?»
«የቱ ቁጥር?»
ግድግዳው ላይ ያለውን ባለ ገመድ ስልክ በአገጯ ጠቆመች።
«እሱማ ከመዳቡ ጋር ይሞታል።»

ሩፔርቶ በአራት ዓመቱ አንኩድ ገበያ ጠፍቶ፣
ከሽንኩርት ሻጭ ጠረጴዛ ሥር ልቅሶ አድክሞት ተገኝቶ፣
የዚያን ማታ አስጠናችው፣ በትንንሽ ጣቶቹ እየቆጠረች፤
«ብትጠፋ ይህን ቁጥር በል» አለች።
አባት ጀልባዋን ሳያማክር ሸጦ፣ ቂም በልጅ ሆድ ሰፋ፤
በሃያ ሁለት ዓመቱ ጠፋ።
ወደ ደቡብ አሉ፤ በረዶ ወደሚሰብሩ መርከቦች ወረደ።
አባት ሞተ። ዘጠኝ የድንች ክረምት ሄደ።

ይህ በየትኛው ወረቀት፣ በየትኛው ዓምድ ይሰፍራል?
«ጋስፓር፣ አንድ ‹ሄሎ› ስንት ሜጋ ይፈጃል?»
ልጁ የሠለጠነበት ነውና ከልቡ አሰበ፤
«ለድምፅማ... የሜጋ ሩብም አይሞላ» ብሎ
ፊቷን አየና ቀሪውን ዋጠው።

«ሁለቱንም» አለች።
«ሁለት መስመር? ለአንድ ሰው?»
«አንድ ሰው ማን አለህ?»
ደመረች፤ አርባ ሺህ። ከሰማዩ በአምስት ሺህ ያንሳል።
ፈረመች።

አሁን ፋይበሩ ጥግ ላይ አረንጓዴ ዓይኑን ገልጦ ዝም ይላል፤
የእህቷ ልጅ ከሳንቲያጎ ስትደውል ጥርሷ ሳይቀር ይታያል።
ሌሊት ግን፣ ውኃ የምሰሶውን መገጣጠሚያ ሲያርስ፣
አሮጌው ስልክ አንዴ ብቻ «ቅጭል» ይላል፣ እንደሚቃዥ ፈረስ።

ዝናብ ነው። ታውቃለች።
ትነሳለች፣
ታነሳዋለች።